ያልተጫነ እጅ

ዲያቆን ጉልላት ሥርዓት የሚወድ ሰው ነበር፤ በተለይ ሌላው ላይ ሲፈጸም። በነገረ መለኮት ትምህርት ቤት አብሮት ይማር የነበረውን ጥጋቡን ያስባረረው እሱ ነው። ጥጋቡ ሳያገባ ከአንዲት ልጅ ጋር ተኝቶ ነበር፤ ያለ ተክሊል ሴት ያወቀ ዲያቆን ደግሞ ቄስ አይሆንም። ጉልላት ነገሩን ለመምህራኑ ተናገረና ጥጋቡ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ እስከ በር ሸኘው። «ምን ላድርግልህ ወንድሜ፣ ሥርዓት ነው» አለው። አያፍርም እኮ!

ለመጨረሻው ዓመት የአገልግሎት ልምምድ የተመደበው ከአዋሽ ጣቢያ ቁልቁል ባለ አዲስ የጥጥ እርሻ ነበር። እዚያ ሲደርስ አንድ ነገር ልቡን ወሰደው፤ ኩባንያው ለቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ የሠራው ቆርቆሮ ቤት። ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይዞራል። ልምምዱን ጨርሶ፣ አግብቶ፣ ቅስና ከተቀበለ ቦታው የእሱ እንደሚሆን ተነግሮታል። ችግሩ ቤቱ ውስጥ አባ ወልደ ኢየሱስ ይኖራሉ፤ እሳቸው ደግሞ የመሞት ሐሳብ የላቸውም።

አባ ቅዳሴውን ያለ መጽሐፍ ይወጡታል። በዚያ በረሃ ሁለተኛ ቄስ ስለማይገኝ ብቻቸውን ይቀድሳሉ፤ ሀገረ ስብከቱም አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ከደጋ ለለቀማ የመጣውን ሠራተኛ ወባ ሲጥለው ሌሊትም ቢሆን የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። አፋሩ ዘበኛ ሀሰን እንኳ ሲያያቸው ከመቀመጫው ይነሣል። እሑድ እሑድ ሕዝቡ የተማረውን ዲያቆን አልፎ የሽማግሌውን መስቀል ሲሳለም ጉልላት አንጀቱ ያርር ነበር።

በጥር ሰርክአዲስን አገባ። የእርሻው ጸሐፊ የአቶ ስዩም ልጅ ናት፤ ጨዋ፣ አንገቷን የደፋች። አባ ግን ሰርጉ አልጣማቸውም። አዲስ አበባ ሄደው ቢጋቡ ይሻላል ብለው ደጋግመው ለመኑት። ጉልላት ምቀኝነት ነው ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ፤ አማቱም ድግሱን ደግሰው የኩባንያውን ሹማምንት ጠርተው ነበር። በዕለቱ አባ ተክሊሉን ሲፈጽሙ አክሊሉ ከእጃቸው አመለጠና ከሙሽራው ራስ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። እንግዳው ሳቀ። ጉልላት ይህን ለአባ አልረሳላቸውም።

ሰኔ ሲገባ የሰርክአዲስ ሆድ መግፋት ጀመረ። አንድ ቀን ባልና ሚስቱ አባን ምሳ ጠሯቸው። በጨዋታ መካከል ጉልላት መቼ ቅስና እንደተቀበሉ ጠየቃቸው።

«በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ዓመተ ምሕረት፣ በጥምቀት ማግስት» አሉ ሽማግሌው።

ጉልላት እጁ ወጡ ላይ ቀረ። በትምህርት ቤት በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ትምህርት የሚስተካከለው አልነበረም። ያን ዓመት በኢትዮጵያ ምድር ጳጳስ አልነበረም፤ ግብፃዊው ጳጳስ ሞተው ተተኪያቸው ገና ከእስክንድርያ አልመጡም። ያለ ጳጳስ ደግሞ ቄስ የሚሾም የለም።

«ታዲያ ማን እጁን ጫነብዎት?»

አባ ማልቀስ ጀመሩ። ማንም እንዳልጫነባቸው፣ ደብተራ ብቻ እንደነበሩ ተናገሩ። እርሻው ሲጀመር ሠራተኛው በወባ ያልቅ ነበር፤ የሚቀብር ቄስ አልተገኘም። አንዱን ቀበሩ፣ ሌላውን ቀበሩ፤ ከዚያ ሕዝቡ ራሱ ጥምጣም ገዝቶ አመጣላቸው። እምቢ ማለት አቃታቸው።

«እኔስ አርጅቻለሁ» አሉ። ሰርክአዲስን አየት አደረጉና አንገታቸውን ደፉ። «ለራስህ ስትል ዝም በል፣ ልጄ። ነገሩ አንተንም...»

«ያስፈራሩኛል እንዴ?» ብሎ ጉልላት ተነሣ።

ማንን ተማምነው እንደሚያስፈራሩት የገባው መሰለው። ሠራተኛው ገጀራ አለው፤ አባን የነካ በሕይወት አይወጣም። ሰርክአዲስ እግሩ ላይ ወድቃ አባን ተዋቸው ብላ ለመነችው። እሱ ግን በማግስቱ ፖሊስ አስመጣ።

ጥምጣማቸውን በሕዝብ ፊት አወለቁባቸው። ራሳቸው መላጣ ነበር፣ ትንሽ። ገጀራ ያነሣ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ቆሞ አለቀሰ። ጥጥ ለቃሚዋ ታንጉት ብቻ ወደ ጉልላት ቀረበች። ባለፈው ዓመት ልጇን የቀበሩላት አባ ናቸው።

«የእኔስ ልጅ?» አለችው።

«ያለ ፍትሐት ነው የተቀበረው» አላት። «ምን ላድርግልሽ፣ ሥርዓት ነው።»

በሐምሌ ቅስናውን ሊቀበል ከሚስቱ ጋር በባቡር ወደ ሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ሄደ። ሰርክአዲስ ሆዷን ይዛ ግቢው ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ጳጳሱ ሩኅሩኅ ሰው ነበሩ። የአባን ጉዳይ ሰምተው አዘኑ፤ ለምስኪኑ ሕዝብ ሲባል ያለፈው ባለፈበት ቢቀር ምን ይመስልሃል አሉት። ጉልላት ግን በትምህርት ቤት የተማረውን ቀኖና አንድ በአንድ እየጠቀሰ ተሟገተ። እጅ ያልተጫነበት ሰው የፈጸመው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ለአንዱ ይጸና ለሌላው ይፈርስ ማለት አይቻልም። ለማንም ልዩነት እንዳይደረግ አጥብቆ ለመነ።

ጳጳሱ ተነፈሱ። «እውነትህን ነው፣ ልጄ። እንዳልከው ይሁን፤ ሰውየው የፈጸመው ሁሉ እንዳልተፈጸመ ይቆጠር» ብለው ወሰኑ።

ጉልላት አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ጎንበስ ብሎ መስቀላቸውን ተሳለመ። ማራገቢያው ጣሪያው ላይ ሲዞር ታየው።

ጳጳሱም ቅስና የሚቀበለው ሁሉ የሚጠየቀውን ጥያቄ ጠየቁት፤ «ለመሆኑ አንተን በተክሊል ያጋባህ ቄስ ማን ነው?»