ሰጋቱራው
መካኒኩ ከፒካፑ ስር ወጥቶ የኋላ ጎማዎቹን ከሚያዞረው ዲፈረንሻል የዛቀውን ጭቃ የመሰለ ዘይት ባለመኪናው መዳፍ ላይ አደረገለት። ሰውየው በጣቱ አሸት አደረገው፤ ዘይቱ ሰጋቱራ የተሞላ ነበር።

«የዲፈረንሻሉ ጥርስ አልቋል። የሸጠልህ ሰው ጩኸቱ እንዳይሰማ በዚህ አፍኖታል» አለው መካኒኩ። «ጥርሱን ለማስቀየር የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ አዘጋጅ።»

የሰውየው ደም ፈላ። የሸጠለት የገዛ ሚስቱ ወንድም ነበር፤ «ለባዳ ከምትሄድ እዚሁ ቤታችን ትቅር» ብሎ፣ ቁልፉን መርቆ ነበር የሰጠው።

«እኔንስ ይተወኝ፣ እህቱን እንኳ አያፍርም?» አለ።

መካኒኩ እጁን እንዲጠርግበት ጨርቅ አቀበለው። ሰውየው ግን አልጠረገም። መዳፉን ጨበጥ አድርጎ ወደ በሩ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰጋቱራውን መልሰህ ብትሞላውስ፣ ስንት ታስከፍለኛለህ?»