የሰፊዋ ወንድም

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ ይወዳታል። ወንድሟን ግን ማንም አይወደውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቁን የተከራዩ ሰሞን፣ ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ሁለቱን ከአእምሮ ሆስፒታል በር ሲወጡ አያቸው። በማግስቱ ሱቃቸው መጥቶ «ከሁለታችሁ የታመመው ማነው?» ብሎ በደንበኛ ፊት ጠየቀ። ወንድምየው ፈገግ ብሎ «እኔ ነኝ» አለ።

በቃ። የሰፈር ምርመራ ከዚያ በላይ ሐኪም አይፈልግም። ሰው አንዴ ስም ከወጣለት ማስነጠሱም ምልክት ነው። ጺሙን ሲያሳድግ «ተነሥቶበታል» ይሉታል፤ ሲላጭ «ዛሬስ ደህና ውሏል»።

ሥራው ቁልፍ መትከልና መተኮስ ነው። ከእህቱ ጀርባ ይቀመጥና ዓይኑን ከእሷ ላይ አይነቅልም። ደንበኞቹን የሚያበሳጫቸው ይሄ ነው። እሷ ሜትሩን ስትዘረጋ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ አፏ እየደረቀ ቶሎ ቶሎ ውሃ ትጎነጫለች።

«እንዲህ እያፈጠጠባት እንዴት አትንቀጥቀጥ!» ይላሉ ሴቶቹ ከበር ሲወጡ።

ዛሬ አከራይዋ ፀጉር አስተካካዩን አስከትላ መጣች።

«ስሚ ልጄ፣» አለች፣ ወንድምየው እዚያው ቆሞ እየሰማ፣ «አንቺ ወርቅ ነሽ። ይሄን ሰውዬ ግን ዛሬውኑ ካላስወጣሽ ሱቄን ትለቂያለሽ።»

«ምን አደረገ፣ እትዬ?»

«እስኪያደርግ ልጠብቅ? የጋለ ካውያ ይዞ!»

ፀጉር አስተካካዩ ከደፉ ሳያልፍ አንገቱን አስገባ። «ደግሞ ይጋባል አሉ። ልጆቼን በዚህ በኩል ስታልፉ ሩጡ ነው የምላቸው።»

«ጉንፋን ነው እንዴ የሚጋባው?» አለች እህትየው። ድምፅዋ ተሰበረ።

«ይኸው! እሷንም ጀመራት!» ብሎ ሳቀ።

ወንድምየው ካውያውን ከሶኬት ነቀለ። ገመዱን በእርጋታ ጠቀለለ። የራሱን ልብሶች በፌስታል ከተተ።

«እትዬ፣ እኔ ከወጣሁ ሱቁን አይነጥቋትም?»

«ምን በወጣኝ! አንተ ብቻ ጥፋልን።»

«ቃልዎ ነው?»

«እብድ ደግሞ ቃል ያስገባኝ ጀመር!» ብላ ፀጉር አስተካካዩን ጠቀሰችው። «ቃሌ ነው፣ ሂድ።»

እህትየው ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሣች። «እኔም እሄዳለሁ! ስሙኝ፣ እሱ እኮ—»

«ዝም በይ! ቁጭ በይ!» ሲል ወንድምየው ጮኸባት።

ፀጉር አስተካካዩ ወደ መንገዱ ዘለለ። አከራይዋ «አላልኩም? አላልኩም?» እያለች ተከትላው ወጣች። ወንድምየው ሲያልፍ እንዳይነካቸው ሁለቱም ከውጭው ግድግዳ ጋር ተጣበቁ።

እሱ ግን ጎንበስ ብሎ እህቱን ጉንጯን ሳማት፤ ከዚያ ጆሮዋ ሥር ሹክ አላት።

«ኪኒንሽን ማታ እንዳትረሺ፣ እታለም። ድምፆቹ ከተመለሱብሽ ደውዪልኝ።»