እንደ መጽሐፉ ልጅ

ረድኤት የእንጀራ አባቷ እንደሚደበድባት ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር። አንድ ልቦለድ ውስጥ እንደ እሷ የምትደበደብ ልጅ ለአስተማሪዋ ተናግራ ስትድን አነበበችና እሷም ለአስተማሪዋ ነገረች። አስተማሪው የእንጀራ አባቷን አስጠርቶ፣ "ልጅዎ ስምዎን እያጠፋች ነው፤ ይምከሯት" አለው።

በሳምንቱ የልቦለዱ ደራሲ ትምህርት ቤቱን ልትጎበኝ መጣች። "የጻፍኩት የራሴን ታሪክ ነው" ብላ ለተማሪዎቹ አወራች። ስትጨርስ ረድኤት በጄሶ የታሰረ እጇን ደግፋ ቀረበቻት።

"እትዬ፣ እኔም እንደ እርስዎ ተናገርኩ። ግን አላመኑኝም። እርስዎ አስተማሪዎን እንዴት አሳመኗት?"

ደራሲዋ ጄሶውን በጣቶቿ ዳሰሰች።

"ድብደባው እውነት ነው፣ የኔ ልጅ" አለቻት። "ያመነችኝን አስተማሪ ግን የፈጠርኳት እኔ ነኝ።"