ከአልጋ ሥር የወጣው በረዶ

የግርማቸው አርባ በወጣ ማግስት ቢታንያ ቫን ይዛ ሄይዋርድ ከተማ ወዳለው ቤቱ መጣች። ቴሜስካል ሰፈር ባለው ጋለሪዋ የሟቹን የሥዕል ኤግዚቢሽን ቅዳሜ ትከፍታለች። ከሳሎን ግድግዳ ስምንት ሥዕሎች አወረደች። ከአልጋ ሥር ደግሞ አራት አገኘች።

«እነሱ እንኳ ይቅሩ» አለች ሚስቱ ሸዋረጋ።

«ኖ ዌይ፣ እትዬ! ሁሉንም ነው የምንሰቅለው።»

አሥራ ሁለቱም የአላስካ በረዶ ነበሩ፤ በዘይት ቀለም የተሳሉ፣ ጥጋቸው ላይ «ግርማቸው» የሚል ፊርማ ያለባቸው። ግርማቸው ሁለት ክረምት እዚያ የጭነት መኪና ነድቷል። ሸዋረጋ ጣቶቹ የተቆረጡ ጓንት አድርጋ አብራው ጋቢና ውስጥ ትቀመጥ ነበር።

ሐሙስ ቢታንያ ደወለች። «ፕሊስ ቶሎ ይምጡ።»

ጋለሪው ውስጥ ጡረታ የወጣው የሥዕል መምህር ህዝቅያስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቆሟል።

«አራቱ የግርማቸው አይደሉም» አለ። «ስምንቱ ላይ ነጩ ቀለም በሱፍ ዘይት ነው የተለወሰው። እነዚህ ግን በተልባ ዘይት ነው፤ ተልባ ጨለማ ውስጥ ሲከርም ቢጫ ይሆናል። ይኸው፣ በረዶው ቅቤ መስሏል!»

«ለበረዶ ሱፍ ነው የሚሻለው» አለች ሸዋረጋ።

«በምን አወቁ?»

«ቀለሙ የሚለወሰው እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ነበር።»

ህዝቅያስ ሳቀ። ከአራቱ በአንዱ ላይ የቆመውን ነጭ ድብ በጣቱ አሳየ። «ይሄ ድብ ነው በግ?»

ቢታንያ አልሳቀችም። «ፌክ መኖሩን ሰው ካወቀ ስምንቱንም ማንም አያምንም። የጋሼ ስም አለቀለት። እትዬ፣ ማነው የሳላቸው?»

ሸዋረጋ በግ የመሰለውን ድብ ትክ ብላ አየችው።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ኦ ማይ ጋድ! ፊርማውንም?»

«ፊርማውንም።»

ህዝቅያስ ራሱን ነቀነቀ። «ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ ሙያ እኮ በጋብቻ አይተላለፍም።»

«እውነትዎን ነው» አለች።

ቢታንያ አቀፈቻት። «ለማንም አንናገርም። ብቻ ዛሬውኑ ከዚህ ያውጡልኝ።»

ሸዋረጋ አራቱን በአንሶላ ጠቅልላ መኪናዋ ውስጥ አስገባች። ቅዳሜ ስምንቱ ሥዕሎች ተሸጡ፤ ህዝቅያስም ስለ ግርማቸው እጅ ረጅም ንግግር አደረገ። እሷ አልሄደችም። አልጋዋ ፊት ለፊት ምስማር ስትመታ ዋለች፤ ድቡን መሀል ሰቀለችው።

ከአሥራ ሁለቱ ሥዕሎች እሷ ያልሳለቻቸው እነዚያ አራቱ ብቻ ነበሩ።