ጭረት የሌለው ሸክላ

የሸክላውን ጠርዝ ብቻ ይዞ ከሽፋኑ አወጣውና ወደ ኮንዶሚኒየሙ መስኮት አዘነበለው። አንድ ጭረት የለውም። ከበሮው ሳይቀር በኪቦርድ የተሠራበትን ይህን የድሮ የፈረንጅ አልበም እንዲህ ንጹሕ ሆኖ ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶበታል። አባቱ ካዛንቺስ ሙዚቃ ቤት በነበራቸው ጊዜ ለሰፈሩ ሁሉ በካሴት የቀዱት ይህንኑ ነበር። «እስቲ አሰማን» አሉት፣ ከድሮ ጎረቤታቸው ከእትዬ ጀማነሽ ጋር ሶፋው ላይ ተደላድለው።

መርፌውን አሳረፈ። ሦስቱም ማንጎራጎር ጀመሩ፤ አዝማቹ ጋ ሲደርሱ ግን እኩል አንድ ስንኝ ዘለው አለፉ። ሸክላው ብቻ ወደ ኋላ ቀረ። እትዬ ጀማነሽ ፊታቸውን አጨማደዱ። «ውይ! ይሄማ ተበላሽቷል። አታለውሃል ልጄ።»

አባቱ አንገታቸውን ደፉ። «ካሴት ስቀዳላችሁ የኔው ሸክላ እዚያ ጋ ተጭሮ ይዘል ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ግን የሆነ ነገር ገባቸውና ቀና አሉ፤ ኮታቸውን አስተካከሉ። «ካዛንቺስን በሙሉ እንዲህ ያዘፈንኩት እኔ ነኝ ማለት ነው!»

ልጃቸው ዘፈኑን እንደገና አስጀመረው። አዝማቹ ጋ ሲደርስ መርፌውን በጥንቃቄ ብድግ አድርጎ አንድ ስንኝ አሳለፈው።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ እትዬ ጀማነሽ።