ክዳኖቹ

የልጄና የባለቤቴ ስም የተጻፈው ክዳኑ ላይ ነው። ጠርሙሱ ላይ ምንም የለም። ይህን የማየው ገና አሁን ነው፤ ባዶዎቹ ሁለት ጠርሙሶች የላብራቶሪው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ቆመው፣ ዶክተሯ የልጄን ናሙና የያዘውን ስስ መስታወት ወደ መብራቱ ከፍ ስታደርግ።

መስታወቱ ቡናማ ሆኗል። የባለቤቴ ግን ነጣ ብሎ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ቀጭን መስመር አለው።

«ቡናማው ምንድን ነው?»

«እየተባዙ ያሉ ሴሎች ናቸው። ቀለሙ እነሱን ነው የሚይዘው። ምን ያህል እንደሆኑ ገና በማይክሮስኮፕ አላየሁም፤ ትንሽ ይታገሡኝ።»

እሷ አላየችም፤ እኔ ግን ጨርሻለሁ። በሐሳቤ ልጄን ቀብሬ፣ ድንኳን አስፈርሼ፣ ተመልሼ እዚሁ ቆሜያለሁ።

ታክሲው ትዝ ይለኛል። ናሙናውን ከክሊኒኩ ያመጣሁት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ቦርሳዬ ሲረጥብ ደንግጬ ሁለቱንም ከፈትኩ፤ ክዳኖቹን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በመሀረብ ጠረግኩና መልሼ ገጠምኩ። የቱን በየቱ?

«ዶክተር፣ ክዳኖቹን ሳላቀያይራቸው አልቀረሁም።»

«ከፍተውት ነበር?»

«ፈሰሰብኛ!»

«ወይ እናቴ! ፎርማሊን እኮ መርዝ ነው፤ ሾርባ መሰለዎት?»

መስታወቱን ማይክሮስኮፑ ሥር ታስገባለች። እኔ ጥፍሬን እበላለሁ። ምላሷ ላይ ነጭ ነገር የወጣባት ልጃችን ናት። የባለቤቴ የአፍንጫ ቁስል የከረመ ነው፤ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ክሊኒኩ ውስጥ ለናሙና ሊቆርጧት ሲሉ «አባዬ ቀድሞ ካልተቆረጠ አልቆረጥም» ብላ ስታለቅስ ነው «ይኸው፣ ከአፍንጫዬ ውሰዱ፤ ትልቅ ነው፣ ይተርፈኛል» ብሎ ቀድሟት የተኛው።

ተቀያይሮ ይሁን፣ እላለሁ በሆዴ። ምነው ተቀያይሮ በሆነ።

«የልጅዎ ምላስ ፀጉር ያበቅላል እንዴ?»

«ምን?»

«ይኸው፣ የፀጉር ሥር። ቡናማው የአፍንጫ ቆዳ ነው፤ ክዳኖቹ ተቀያይረዋል።» ሌላውን ታስገባለች። «ምላሱ ይሄኛው ነው። የሚባዙት ሴሎች ከታች ያለው ረድፍ ላይ ብቻ ናቸው፤ ድሮም ቦታቸው ነው። ልጅዎን በየጊዜው እናያታለን እንጂ የሚያስደነግጥ ነገር የለባትም።»

«ተመስገን!» እላለሁ ጮክ ብዬ። ጠረጴዛውን በሁለት እጄ እይዛለሁ።

ዶክተሯ አብራኝ አትደሰትም። መጀመሪያ ያየችውን መስታወት መልሳ ታስገባና ብዙ ትቆያለች።

«አባቷን ነገ ያምጡልኝ» ትላለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። «የቆዳ ካንሰር ነው፤ በጊዜ ተቆርጦ ከወጣ ብዙዎቹ ይድናሉ። በጊዜ ከሆነ።»

ጋዋኗን ትሰቅላለች፤ መብራቱን ታጠፋለች። ቀድሜያት እወጣለሁ። ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ቦርሳዬን ታቅፎ፣ አፍንጫው ላይ ፕላስተሩን እንደለጠፈ ይጠብቀኛል። ፊቱ በርቷል።

«ስትጮሂ ሰማሁሽ እኮ!» ይላል እየተነሳ። «አላልኩሽም? አንቺ ሴትዮ፣ ለዛሬ እንኳ ክፉ ክፉውን ማሰብ ተይ።»

የአፍንጫውን ፕላስተር አያለሁ። እሱ ቦርሳዬን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ክንዱን ይሰጠኛል። ከኋላዬ የላብራቶሪው በር ይዘጋል፤ ቁልፉ ሁለቴ ይዞራል።