የመከታን እግር ማን ይጠብ?

ሞተ ተብላ ያለቀሰችለት ውሻ ከበሩ ሥር ተነሥቶ እየሮጠ መጣ...

ሰብለ በቆመችበት ደርቃ ቀረች።

ቦታው ቡሬ ነው፤ ደረሰ የሚባል ሰው በር የሚሠራበት ብረታ ብረት ቤት ደጃፍ። ከፍኖተ ሰላም የመጣችው የግቢ በር ልታሠራ ነበር። ውሻዋ መከታ "ከሞተ" ወዲህ ግቢዋ ጠባቂ አጥቷላ።

ባሏ ስመኘው ግን መምጣቷን አልወደደውም። ፍኖተ ሰላም በር የሚሠራ ጠፋ ወይ ብሎ ተቆጥቷት ነበር።

ለካ ነገር አለው...

መከታ በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲያብብ ይታመም ነበር። ጆሮው ይቀላል፣ መዳፉን ሲልስ ይውላል፣ ሆዱን እስኪላጥ ያካል። በጋው ሲጠና ምንም እንዳልነበረ ይድናል።

ጎረቤት "እከክ ነው፣ ልጆቻችንን ሳይጨርስ አስወግዱት" እያለ ፋታ ነሳቸው። እሷ ደግሞ እንዲመቸው ብላ ትኩስ ሳር እያጨደች ታነጥፍለታለች።

አምና በመስከረም ስመኘው ቡሬ ሐኪም ላሳየው ብሎ ወሰደው። ብቻውን ተመለሰ።

"አይድንም አሉኝ... በመርፌ አሳረፉት" አላት።

አብሯት አለቀሰ እኮ። እንባዋንም የጠረገላት እሱ ነው...

ደረሰ ከውስጥ ወጣ። ውሻው የማን እንደሆነ ስትጠይቀው፣ ስመኘው የሚባል ወዳጄ ሰጥቶኝ ነው አላት።

"ሚስቱ ነኝ" አለችው።

ያን ዕለት ከስመኘው ጋር ሐኪሙ ዘንድ አብረው እንደነበሩ ነገራት። ሐኪሙ ቆዳውን መርምሮ እከክ አይደለም፣ ወደ ሰውም አይተላለፍም፣ የአበባና የሳር ብናኝ የሚቀሰቅሰው አለርጂ ነው ብሏል። በየዓመቱ በአንድ ወቅት መመላለሱ አንዱ ምልክት ነው።

ከታጨደ ሳር ማራቅ፣ ከውጭ ሲገባ እግሩንና ሆዱን ማጠብ፣ ሲብስበት ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት መስጠት... በቃ።

ይኸው ዘንድሮ አደይ አበባው ፈንድቶም መከታ ፀጉሩ አልተነካም።

"ታዲያ ለምን ሰጠዎት?"

ደረሰ አንገቱን ደፋ። "ሚስቴ ይህን ከሰማች የውሻ እግር ስታጥብ ትውላለች፣ እኔም የአገር መሳቂያ እሆናለሁ አለኝ። ሞተ ማለቱን ግን አላውቅም ነበር፣ እህቴ።"

አያችሁ? እግር የሚታጠበው ለእንግዳና ለታላቅ ነው በሚባልበት አገር... ስመኘው ሰው ምን ይለኛል ብሎ የዓመት እንባዋን እያየ ዝም አለ!

ደረሰ ሳትጠይቀው የውሻውን ማሰሪያ አቀበላት።

አመሻሽ ላይ ስመኘው እህል ሊገዛ ከዞረበት ገጠር ፍኖተ ሰላም ቤቱ ሲመለስ ጎረቤቱ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሰብለ በርከክ ብላ የመከታን እግር ታጥባለች።

የስመኘውን እግር ታጥብበት በነበረው ሳፋ...

ስመኘው በሩ ላይ ቆመ።

መከታ ግን ውኃውን እያንጠባጠበ ሮጦ ሄዶ እጁን ላሰው። ጅራቱንም ቆላለት።

ሰብለ ቀና ብላ አየችው።

"እሱ ይቅር ብሎሃል። እኔ ግን ውሻ አይደለሁም" አለችው።

ወገኖቼ... አፍ የሌለው እንስሳ ሲያክ አይታችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ሐኪም ይየው። ለሰው አፍ ብላችሁም የሚያምናችሁን አትካዱ። ያማው ጎረቤት ነገ ይረሳዋል፤ የተካደው ግን አይረሳም።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... እናንተ ሰብለን ብትሆኑ ስመኘውን ከቤት ታስገቡት ነበር?